በቆርቆሮ ላይ የተወጉ ስሞች

ታኅሣሥ 6

ይህ ደብተር የአራት ልጆች ትራፊ ነው። ሰኔ ላይ ክፍሎቹን ስጠርግ ከተጣሉ ደብተሮች ያልተጻፈባቸውን ገጾች እየገነጠልኩ አስቀምጣለሁ። በጥቁር ክር ሰፋኋቸው። ግማሹ ባለመስመር ነው፣ ግማሹ ባለካሬ። ማንበብም የተማርኩት እንዲሁ ነው፤ ከመጥረጊያዬ ፊት ከሚመጣ ወረቀት። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ፊደል ስጠርግ ጥቂቱ እጄ ላይ ቀረ።

ከዚህ በፊት ቀን ጽፌ አላውቅም። ዘንድሮ ግን ቀኑን መያዝ ያስፈልገኛል።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

የክበባት ቀን። ከሰዓት ትምህርት የለም፣ ልጆቹ ወደየክበባቸው ይበተናሉ። የሥነ ጽሑፎቹ ቤተ መጻሕፍት ይገባሉ፣ የሳይንሶቹ ቤተ ሙከራ። ሚኒ ሚዲያዎቹ ደግሞ ከእኔ መጥረጊያ ማስቀመጫ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ይዘዋል። የሁሉም ቁልፍ እኔ ጋ ነው። እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ማይኩን የያዘችው ሠናይት ናት፣ የአሥረኛ ክፍል ልጅ። ድምፅ ማጉያው ምሰሶ ላይ ስለተሰቀለ እስከ ገበያው ይሰማል። "ጤና ይስጥልን ውድ አድማጮቻችን! ትናንት ድንች የበላችሁ፣ ዛሬ ድንች የምትበሉ፣ ነገ ደግሞ ለለውጥ ያህል ድንች የምትበሉ!" ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዘበኛችን አያ ፋንታው በሩ ላይ ሆነው "ይቺ ልጅ የሰው ጓዳ ገብታ አይታ ነው የምትወጣው" አሉ።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ችግኞቻቸውን አጠጡ። ሐምሌ ላይ ከሌሎቹ ክበባት ልጆች ጋር ሆነው ከክፍሎቹ ጀርባ ስልሳ ዝግባ ተክለዋል። በእያንዳንዱ ላይ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠች ቆርቆሮ በሽቦ ታስራለች፤ የልጁ ስም በሚስማር ተወግቶባታል። ልማዱ የቆየ ነው። ስም ያለው ችግኝ አይረሳም ብለው የጀመሩት ሌላ መምህር ናቸው፣ አሁን ክበቡን የያዙት መምህር አንዷለምም ቀጠሉበት። ከጉና ተራራ በኩል ነፋስ ሲመጣ ስልሳዎቹ ቆርቆሮዎች አንድ ላይ ይንሾካሾካሉ።

ታኅሣሥ 13

ቀን ለምን እንደምይዝ ልጻፈው።

ኅዳር 10 የታደሰ ችግኝ ደረቀ። በዘጠኝ ቀኑ ታደሰ ቀረ፤ አባቱ እግራቸው ተሰብሮ ወደ እርሻ ተመለሰ አሉ። ኅዳር 19 የአማረች ደረቀ። በአሥር ቀኑ ተዳረች። ሁለቱንም ችግኞች እኔ ራሴ በሃይላንድ እየቀዳሁ አጠጥቻቸው ነበር። ውኃ አልጎደለባቸውም።

ቅጠሉ ይቀድማል፣ ልጁ ይከተላል።

ለአያ ፋንታው ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ሰሙኝና "ውርጭ ነው የሺ" አሉ። "ውርጭ ስም አያነብም።"

እሳቸው እንደሚሉት ይሁን። እኔ ግን ጠዋት ሥራዬን ስጀምር መጀመሪያ ከአጥሩ ሥር የልጄ ስም ወዳለበት ትልቁ ዝግባ እሄዳለሁ። እሱ ለምልሟል። እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በኋላ ነው መጥረጊያ የማነሣው።

ታኅሣሥ 20

ዛሬ የፍሬሕይወት ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

ፍሬሕይወት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት። አገሯ ጉና ሥር ነው፤ እኔ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከግድግዳዬ ማዶ ትኖራለች። በሳይንስ ክበብ አንድ ነገር እየሠራች ነው፤ ሁለት ሚስማር፣ ባትሪና ትንሽ አምፖል። መሬት ውስጥ ሲሰካ አፈሩ መጠማት አለመጠማቱን ይናገራል። መጋቢት ላይ ባሕር ዳር ለሚደረገው የተማሪዎች የፈጠራ ኤግዚቢሽን መምህር አንዷለም የመረጡት እሷን ነው። ከትምህርት ቤታችን አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚሄደው።

በየጠዋቱ ትመጣለች፣ ከችግኟ ሥር ሚስማሩን ትሰካለች፣ ትጽፋለች፣ ትሄዳለች። አታጠጣም። ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ዘርግታ ረጅም ነገር ነግራኝ ነበር፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። መጨረሻ ላይ "ስለዚህ እትዬ የሺ፣ አደራዎን የእኔን እንዳያጠጡብኝ" አለችኝ። "እሺ ልጄ" አልኳት። አልገባኝም ማለት አልወድም። አሥራ አንድ ዓመት አንገቴን እየነቀነቅሁ ኖሬያለሁ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

የፍሬሕይወት አባት አቶ አለምነው ገብስና ድንች በበቅሎ ጭነው መጡ። ከግድግዳው ማዶ ሰማኋቸው።

"እናትሽ ብቻዋን ናት። እኔም ጉልበቴ እንደ አምናው አይደለም።"

"አባ፣ እስከ መጋቢት ብቻ።"

"ደግሞ መጋቢት ላይ ምን አለ?"

"ባሕር ዳር እሄዳለሁ።"

"እንግዲህ እስከዚያ ተማሪ። ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ግን በቅሎዋን ጭኜ እወስድሻለሁ" አሉ።

ዛሬ ሦስት ቅጠል ረገፈ።

ጥር 4

ሠናይት የማይክ ገመድ ልትፈልግ መጥረጊያ ክፍሌ ገባች። ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

"እትዬ የሺ፣ የእርስዎ ልጅ አረብ አገር ናት አይደል?"

"ናት።"

"ከስንተኛ ክፍል ሄደች?"

"ከአሥረኛ።"

"እንደ እኔ! ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ትደውላለች?"

"በየእሑዱ።"

"ሥራው አልከበዳትም? ከዚያ የተመለሰችው ጎረቤታችን የምታወራው ሌላ፣ ሰው የሚያወራው ሌላ።"

"ለምዳዋለች። አሠሪዎቿ መልካም ሰዎች ናቸው።"

መጥረጊያዬን በዓይኗ ለካችው። "ታዲያ እናቷን ምነው ከዚህ መጥረጊያ ጋር ረሳቻት?"

"ሥራ መፍታት አልወድም" አልኳት። ሳቅን።

ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው። አፌ ለምዶታል፤ እኔን ሳይጠይቀኝ ይመልሳል።

ጥር 5

የፍሬሕይወት ችግኝ ከላይ ጎንበስ ብሏል። ታደሰ በዘጠኝ ቀን። አማረች በአሥር ቀን።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ሠራሁት።

ደወሉ ሳይደወል፣ ጉም ግቢውን ሞልቶት ነበር። የራሴን እጅ እንኳን በደንብ አላየውም። የፍሬሕይወትን ቆርቆሮ ፈትቼ ከአጠገቡ ካለው አረንጓዴ ላይ አሰርኩት። ያንን ደግሞ በእሷው ላይ። የማን እንደሆነ አላነበብኩም። ሽቦው ጣቴን ቆረጠኝ።

ዘወር ስል ሁሉም ዝም አሉ። ነፋስ ነበረ፣ ቆርቆሮዎቹ ግን አልተንሾካሾኩም።

ከሰዓት ልጆቹ ሲያጠጡ ሰማሁ። ለካ የአረንጓዴው ባለቤት ሠናይት ኖራለች።

ጥር 7

ሁለቱ ልጆች ችግኞቹ መካከል ቆመው ይሳሳቃሉ። ፍሬሕይወት "ስምሽን እኔ ላይ አስረሽ የእኔን ዘረፍሽኝ አይደል? አንቺ ቀልደኛ!" ትላታለች። ሠናይት "እኔ ምኑን ነክቼው!" ትላለች። ከዚያ የደረቀውን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ስሟን በጣቷ ዳሰሰችው። መሳቋን አቆመች።

በእረፍት ሰዓት ማጉያው ላይ፦ "ውድ አድማጮቻችን፣ የዝግጅት አቅራቢያችሁ ችግኝ ደርቋል። ከዚህ አፈር ጋር አልተስማማንም መሰለኝ፣ ሥሬን ነቅዬ ልሄድ ነው!" ሁሉም ሳቀ።

እኔ ክፍል 9ለ ውስጥ ጠመኔ እጠርግ ነበር። ተቀመጥኩ።

ጥር 13

ልመልሰው ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ ፍሬሕይወት ባሕር ዳር ስትደርስ ታየችኝ። ሁለቱንም ጊዜ ተመለስኩ። ደካማ ነኝ።

የካቲት 1፣ እሑድ

የግማሽ ዓመቱ እረፍት ዛሬ ያበቃል። ግቢው ባዶ ነው፤ ለነገ ላሰናዳ ብዬ ብቻዬን ገባሁ። አራት ሰዓት አካባቢ ከምሰሶው ላይ ትንፋሽ ሰማሁ። ሊናገር አየር የሳበ ሰው ትንፋሽ። ቆምኩ። ትንፋሹም ቆመ። እንደገና ሳበ።

የሚኒ ሚዲያው ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። ሄጄ ከፈትኩ። ማንም የለም። ትንሿ ቀይ መብራት በርታለች። ሦስት ቀን ጠፍቶ የከረመው መብራት ተመልሷል፤ ማይኩን ደግሞ ከእረፍቱ በፊት ማንም አላጠፋውም። ነገሩ ይኸው ነው። ይኸው ብቻ ነው።

ማይኩ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ግን ምሰሶው ላይ የተሰማው የእኔ ትንፋሽ ነበር። እዚያ ላይ ሲሰሙት የእኔ አይመስልም።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ሠናይት አልተመለሰችም። ማይኩን ሌላ ልጅ ያዘች፤ ማስታወቂያውን እንደ ሐኪም ወረቀት ታነባለች። ማንም አልሳቀም።

ጥር 6፣ የካቲት 4። ቀኑን ቆጠርኩት። ከዚያ ተውኩት።

የካቲት 6

ፍሬሕይወት ማታ መጥታ ከቤቴ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሠናይት እብናት አክስቷ ዘንድ ናት፤ አሁን ነው የሰማሁት። ደላላ ይዟታል። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ መኪና ይመጣል አሉ። ወደ መተማ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ…" እጇን ወደ ግድግዳው ወረወረች። "እናቷ ታለቅሳለች። አልሰማ አለች። 'የእትዬ የሺ ልጅ ከእኔ ክፍል ሄዳ በየእሑዱ ትደውላለች' ትላለች አሉ።"

ጥፋቱ የቆርቆሮው ነው። ስሟን በሞተ ነገር ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

"ፍሬ" አልኳት፣ "ችግኝሽ ለምን ደረቀ?"

ግራ ገብቷት አየችኝ። "ለሙከራዬ ነዋ! ሆን ብዬ ነው ያስጠማሁት። አንዱ ይጠማል፣ አንዱ ይጠጣል፣ ልዩነቱ ይለካል። ነግሬዎት የለም እንዴ? እሺ ብለውኝ ነበር እኮ።"

እሺ ብያት ነበር።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አያ ፋንታውን በር ላይ ብቻቸውን አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉሙን፣ ሽቦውን፣ ስሙን። እስክጨርስ ዱላቸውን መሬት ላይ ሲያዞሩ ቆዩ።

"የሺ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አትርገሚኝ ብቻ።"

"አንቱን እንዴት አድርጌ!"

"ያ የአጥሩ ዛፍ የልጅሽ አይደለም።"

ነፋሱ የነበረ ይመስለኛል። አልሰማሁትም።

"የልጅሽ ችግኝ እሷ በሄደች በዓመቱ ደረቀ። አንቺ ያን ጊዜ ታመሽ ሁለት ሳምንት ቀርተሻል። ጠዋት ጠዋት ስታናግሪው አይሽ ነበር። ተመልሰሽ ደርቆ ብታገኚው… እንጃ። ከችግኝ ጣቢያ አንድ ቁመቱ የደረሰ አመጣሁ፣ ቆርቆሮውን አዛውሬ አሰርኩለት። ለአንድ ሰው እንኳን አልተነፈስኩም።"

"ለምን?"

"አንድ ነገር እንኳን አረንጓዴ ይሁንላት ብዬ ነዋ።" ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "ጥፋት ነው?"

እኔም ያንኑ ነው ያደረግሁት።

በዚያው ቀን፣ ማታ

እንቅልፍ የለም። የማልጽፈውን ልጻፈው።

ልጄ ብርቱካን ትባላለች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች በዚሁ ክበብ ዝግባ ተከለች፣ ስሟን በሚስማር የወጋችው ራሷ ናት። ከሄደች ሰባት ዓመት ሆናት። ችግኟ ደርቆ በነበረበት ጊዜ እሷ በእርግጥ በየእሑዱ ትደውል ነበር። ዛፉ ሲለመልም ነው ዝም ያለችው። አራት ዓመት። የፋሲካ ማግስት ነበር፤ "እማዬ፣ ሰው መጣ፣ መልሼ እደውላለሁ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር አይጠራም።

አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ቅጠል አይቼ እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ የኖርኩት አያ ፋንታው የተከሉት እንጨት ፊት ነው።

ሌላም አለ። በጉሙ ውስጥ ስሙን አላነበብኩም ብዬ ጽፌአለሁ። አንብቤ ነበር። ሽቦውን ከመፍታቴ በፊት ፊደሉን በጣቴ ዳሰስኩት። ሠናይት ጠንካራ ናት፣ አፍ አላት፣ ምን ትሆናለች አልኩ። ምናልባት ደግሞ በመጥረጊያዬ ስለቀለደችብኝ ይሆናል። አላውቅም። እሱን እንኳን አላውቅም።

የካቲት 12

ፍሬሕይወት ደውላልኝ ስልኩን ሰጠችኝ።

"ሠናይት፣ እትዬ የሺ ነኝ።"

"ውይ እትዬ የሺ! ማጉያው ናፈቀዎት?"

"ዋሽቼሻለሁ።"

"ምን?"

"ልጄ አትደውልም።"

ሳቀች፤ ከዚያ ተወችው። "ከመቼ ወዲህ?"

"አራት ዓመት ሆናት። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም።"

"በየእሑዱ ብለውኝ ነበር እኮ።"

"በየእሑዱ የምጠብቀው እኔ ነኝ።"

ረጅም ጊዜ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ ባዶ ግቢ ውስጥ ከምሰሶው ላይ የሰማሁት ነው። ወይም መስሎኛል።

"ችግኝሽንም የለወጥኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "የአንቺ አልደረቀም። አረንጓዴው ነው የአንቺ።"

"ለምን?" አለች። የትኛውን እንደጠየቀችኝ ሳላውቅ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰን ደወልን፣ አላነሣችም።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

መኪናው ዛሬ ነው።

ሁለቱን ቆርቆሮዎች ወደየቦታቸው መለስኩ። ከዚያ በኋላ ከቤቴ አልወጣሁም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። አልጮኸም።

የካቲት 16

ምንም ወሬ የለም። ፍሬሕይወትም አትደርስባትም።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ክፍል 11ሀ እየጠረግሁ ነበር። ማጉያው ተንኮሻኮሸ፣ አየር ሳበ። እጄ መጥረጊያው ላይ ደረቀ።

"ጤና ይስጥልን ውድ አድማጮቻችን። ጾም ነውና ዛሬ ሁላችንም በሕጋዊ መንገድ ድንች እንበላለን።"

ግቢው ጮኸ። እኔ ዴስኩን ይዤ ቆምኩ፤ ተሳስቼ ቢሆንስ ብዬ ወደ መስኮቱ አልሄድኩም።

በኋላ፣ ጠዋት ለሌላዋ ልጅ የሰጠሁትን ቁልፍ ልትመልስ መጣች። ጠቁራለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። መዳፌ ላይ አስቀመጠችውና ፊቴን ሳታየኝ ሄደች። መብቷ ነው።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

ዛሬም ቁልፉን ሳታየኝ መለሰች። በሩ ላይ ግን ቆም አለች። "መኪናው ቆሞ ነበር" አለች ጀርባዋን ሰጥታኝ። "ልሳፈር እግሬን ካነሣሁ በኋላ ነው የእርስዎ ድምፅ የመጣብኝ። ስመለስ ሙሉውን መንገድ ረግሜዎታለሁ።"

"ርገሚኝ" አልኳት።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ፍሬሕይወት ከባሕር ዳር ሁለተኛ ወጥታ ተመለሰች። ምስክር ወረቀቷን አቶ አለምነው እንደ ጽላት በሁለት እጃቸው ያዙት፤ የሚመዝኑት እንጂ የሚያነቡት አይመስልም። "አሥራ ሁለተኛንም ትጨርስ እንግዲህ" አሉ። "በቅሎዋም ትረፍ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ እንደ ወጉ፣ "የእርስዎስ ልጅ ደህና ናት?" አሉኝ።

አፌ ሊመልስ ተከፈተ። ያዝኩት።

"አላውቅም" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከሰዓት ለመምህር አንዷለም ሁሉንም ነግሬ፣ ስሞቹ ከችግኞቹ ላይ እንዲወርዱ ለመንኳቸው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "እንግዲያው ሁሉም ሁሉንም ያጠጣ" አሉ። ልጆቹ እየሳቁ ሽቦውን ፈቱ። ሠናይት የሰበሰበችውን ይዛ መጥታ ጆንያዬ ውስጥ ጣለችው። ከላይ ያለው የራሷ ነበር። "ይኸው፣ አሁን ማን ማንን እንደሚያደርቅ አይታወቅም" አለች። ሊስቅ የሚችል ፊት ነበራት፤ አልሳቀችም፣ ግን አየችኝ።

ሁሉም ሲሄዱ ጉጠት ይዤ ወደ አጥሩ ዛፍ ሄድኩ። ሽቦው አይታይም፤ ቅርፊቱ ውጦታል። ቆርቆሮዋ እስከ ግማሽ ገብታለች። "ብርቱ" ይነበባል፣ የቀረው እንጨቱ ውስጥ ነው። ሳብኩት። አልተነቃነቀም። ቆርቆሮዋ እዚያ ውስጥ ሆና ልትንኳኳ አትችልም፤ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ።

ተውኩት። ጆንያውን አንሥቼ ጀርባዬን ስሰጥ፣ ነፋስ በሌለበት፣ አንድ ጊዜ ኳ አለ።

"ሰምቼሻለሁ" አልኩ። ዞሬ አላየሁም።